አዲስ ብሎክ ማን ያውጣ?

አዋቂዎች በልጆች ነገር ሲጨቃጨቁ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለ ፈተናው ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ካርቱኑ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለም ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። እኛ ዛሬ የምናወራው ጭቅጭቅ ግን ስለ አንዲት የጎደለች ቁልፍ ነው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የምትጫን፣ “ብሎክ ሥራ” የምትል ትንሽዬ ቁልፍ። ለ6 ዓመት አልነበረችም። ስትመጣም ግማሿ ነው የመጣው። በመሀሉ አንድ ጀርመናዊ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የካሊፎርኒያ መምህርና አንድ ሙሉ የኤም.አይ.ቲ. የምርምር ቡድን በአንድ ጥያቄ ላይ ሳይስማሙ ቆዩ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ልጅ በሚጠቀምበት ቋንቋ ውስጥ አዲስ ቃል የማውጣት መብት የማነው? የቋንቋው ሠሪዎች ወይስ የልጁ?

“ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ኮምፒውተር ምን አገባችሁ?” የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ “የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች” ዘመቻ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኮዲንግ የማያገባው ሰው ከተማችን ውስጥ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ነገሩ የቃል ነገር ነው። ቃል ደግሞ እንጀራችን ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። የኛውን ስንጠቅስ “ዓ.ም.” እንላለን።)

የጭቅጭቁ ሜዳ ስክራች ይባላል። ኤም.አይ.ቲ. በግንቦት 2007 ለሕዝብ የለቀቀው፣ ልጆች ፕሮግራም የሚሠሩበት ቋንቋ ነው። ስሙ የመጣው ዲጄዎች ሸክላውን ወዲያና ወዲህ እያሹ ከሚያወጡት ድምፅ ነው። የአንዱን ዘፈን ቁራጭ ከሌላው ጋር እንደሚያዋህዱት፣ ልጆችም ሥዕሉን፣ ድምፁንና ትእዛዙን እያቀላቀሉ ጨዋታና ካርቱን ይሠራሉ። ኮድ አይጻፍም፤ ይገጣጠማል። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ባለቀለም ቁራጭ፣ ማለትም አንድ ብሎክ ነው። “10 እርምጃ ሂድ” ሰማያዊ ነው፤ የሒሳቡ አረንጓዴ ነው። አንዱን ከአንዱ ሥር ስትለጥፉት ቀጭ ብሎ ይገጥማል። ብርቱካናማዋ ድመት የታዘዘችውን ታደርጋለች።

ብልሃቱ ያለው ከቀለሙ ይልቅ በቅርጹ ላይ ነው። ትእዛዝ የሚሰጡ ብሎኮች ከላይ ገባ ያለ፣ ከታች ወጣ ያለ ጥርስ ስላላቸው ይደራረባሉ። መልስ የሚሰጡት፣ ለምሳሌ “የ3 እና የ4 ድምር”፣ ጫፋቸው ክብ ነው፤ የሚገቡትም ሌላ ብሎክ ላይ ባለ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ነው። “እውነት ነው ወይስ ሐሰት” የሚል መልስ የሚሰጡት ጫፋቸው ሹል ነው። “10 ጊዜ ደጋግም” ያሉት ደግሞ እንደ አዞ አፋቸውን ከፍተው ሌሎቹን ብሎኮች ይውጣሉ። ቦታው ያልሆነ ነገር አይገጥምም፤ አለቀ። በጽሑፍ ኮድ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ያደረ ሰው ይህ ምን ዓይነት እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ብሎኮች የቋንቋው ቃላት ናቸው። ተደራራቢው ግስ ነው ብትሉ፣ ክቡ ስም ነው። ስክራች 1.0 ሲወጣ ቃላቱ ተቆጥረው የተሰጡ ነበሩ። ልጁ በነሱ የፈለገውን ዓረፍተ ነገር መሥራት ይችላል። አዲስ ቃል መጨመር ግን አይችልም።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠ ለመረዳት 40 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

በ1967 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቦልት ቤራኔክ ኤንድ ኒውማን በሚባል ኩባንያ አራት ሰዎች አንድ ቋንቋ ሠሩ፦ ዋሊ ፈርዚግ፣ ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዳንኤል ቦብሮው። ከአራቱ ስሙ የገነነው ፓፐርት ነው። ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሒሳብ ሰው ሲሆን፣ ጄኔቭ ውስጥ ከዣን ፒያዤ ጋር ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ሲያጠና ቆይቶ ነው አሜሪካ የገባው። ቋንቋውን “ሎጎ” አሉት። ከግሪኩ “ሎጎስ” ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ ያለው ያው “ቃል”።

ብዙ ሰው ሎጎ ሲባል ትዝ የሚለው መስመር እያሰመረች የምትሄደው ኤሊ ናት። ኤሊዋ ግን የመጣችው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሎጎ መጫወቻው ቃልና ዓረፍተ ነገር ነበር። ፓፐርት በ1980 ባሳተመው “ማይንድስቶርምስ” የተባለ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንዲት ተማሪ ይተርካል። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ቃላትን በዕጣ እያወጣ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራላት ስትታገል፣ የሚወጣው ሁሉ ትርጉም የለሽ ሆነባት። በኋላ ቃላቱን ለሁለት ከፍላ፣ ስሞቹን በአንድ ሳጥን፣ ግሶቹን በሌላ ሳጥን ስታስቀምጥ ነገሩ ተስተካከለ። ሰዋስው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባት ያን ዕለት ነው። (እኛ የአማርኛ ሰዋስው የተማርነው በቃል ሸምድደን ነው። ስለዚህ ትንሽ ቀናን።)

የሎጎ እምብርት ግን አዲስ ቃል ማስተማር ነው። ኤሊዋ “ወደፊት 50” እና “ቀኝ 90” ታውቃለች፤ “ካሬ” የሚባል ነገር አታውቅም። ልጁ “ካሬ ማለት ወደፊት ሄዶ ቀኝ መዞርን 4 ጊዜ ማድረግ ነው” ብሎ ያስተምራታል። ከዚያ በኋላ “ካሬ” ከ“ወደፊት” እኩል ቃል ነው። ቋንቋው የአብራኩን ክፋይ ከጡት ልጁ አይለይም። ቀጥሎ “ሦስት ማዕዘን” ያስተምራታል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ “ቤት” ይላል። መጀመሪያ ሲሞክረው ጣሪያው ከላይ መቀመጡን ትቶ ቤቱ ውስጥ ይወድቃል። ለምን? ብሎ ያስባል፤ ያስተካክላል። ቤት ያወቀች ኤሊ ነገ መንደር ትሠራለች። የፓፐርት ሐሳብ ይሄው ነው፦ ኮምፒውተሩ ልጁን ከሚያስተምረው ይልቅ ልጁ ኮምፒውተሩን ያስተምር። ያውም በቃል።

ስክራችን የሠሩት ሰዎች ለዚህ ሐሳብ እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። ግን አይደሉም። ቡድኑን የሚመራው ሚቸል ሬዝኒክ ከፓፐርት ጋር የሠራ፣ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ የያዘው የፕሮፌሰርነት ወንበር ራሱ በፓፐርት ስም የተሰየመ ሰው ነው። የቡድኑ መጠሪያ “የዕድሜ ልክ መዋዕለ ሕፃናት” ነው (ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ ስሙ ነው)። ፓፐርት ጥሩ የልጆች ቋንቋ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መሆን አለበት ይል ነበር። ጀማሪ በቀላሉ ይግባበት፤ የበሰለውም ጣሪያ አይምታው። ሬዝኒክ በዚህ ላይ “ግድግዳውም ይስፋ” ብሎ ጨመረ። ጨዋታ የሚወድም፣ ሙዚቃ የሚወድም፣ ተረት የሚወድም ሁሉም ቦታ ያግኝ ማለቱ ነው። እና እነዚህ የፓፐርት ልጆች ናቸው የፓፐርትን ዋና ነገር ትተው የወጡት።

ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛም ምክንያታቸውን ስናየው ከንቱ ሆኖ አላገኘነውም። ስክራች መጀመሪያ የታሰበው መምህር ፊት ቆሞ ለሚያስተምርበት ክፍል አልነበረም። በአሜሪካ ከተሞች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ገብተው የሚጫወቱባቸው “ኮምፒውተር ክለብሃውስ” የሚባሉ ማዕከሎች ነበሩ። እዚያ ልጁ ካልገባው አስረጂ የለውም፤ ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ዓይኑ ፊት መሆን አለበት፤ ብሎኮቹም በተቻለ መጠን ጥቂት መሆን አለባቸው። ምግብ ቤት ገብታችሁ 12 ገጽ ሜኑ ሲሰጧችሁ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ያው ሽሮ ታዛላችሁ። በ2008 የቀረበ አንድ ጥናት ከእንዲህ ያለ ማዕከል የተሰበሰቡ 536 የስክራች ሥራዎችን ፈትሾ ነበር። ልጆቹ መደጋገምንና ለቁልፍ ምላሽ መስጠትን ራሳቸው ደርሰውበታል። እንደ ዕጣ ቁጥርና እንደ “ተለዋዋጭ” (ዋጋ የሚቀመጥበት ባለስም ሳጥን) ያሉት ግን ያለ ረዳት በቀላሉ የሚገኙ አልሆኑም። እነዚህ እንኳ ከተሸሸጉባቸው፣ “የራስህን ብሎክ ሥራ” የሚል ነገር መጨመር ሜኑውን ከማወፈር በቀር ምን ይጠቅማል? ክርክሩ ይህ ነበር።

ይህ ቆጣቢነት ለዓመታት ሕግ ሆኖ ቆየ። አዲስ ብሎክ ይጨመር የሚል ሐሳብ ከተጠቃሚ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “ባሉት ብሎኮች መሥራት አይቻልም ወይ?” ሆነ። የሚቻል ከሆነ አይጨመርም። ፈጽሞ የማይቻል ሲሆን ደግሞ ይጨመራል፤ በ2009 የወጣው ስክራች 1.4 ተጠቃሚውን ጠይቆ መልሱን የሚቀበል ብሎክ፣ እንዲሁም ቃላትን የሚያጣብቁና ፊደል የሚቆጥሩ ብሎኮች ይዞ መጣ። ያለ እነሱ ድመቷ ስማችሁን እንኳ ልትጠይቃችሁ አትችልም ነበር። ሕጉ በተቃራኒውም ሠርቷል። “ሁልጊዜ፣ እንዲህ ከሆነ” የሚል አንድ ብሎክ ነበር፤ “ሁልጊዜ” እና “ከሆነ” በሚሉት በሁለቱ መሥራት ስለሚቻል በ2013 ከዝርዝሩ ወጣ። ቃል ሲጨመርም ሲሰረዝም የሚወስነው ያው ቤት ነው።

ልጆቹስ? ልጆቹ እንደ ልጅ አደረጉ፤ ዘዴ ፈጠሩ። ስክራች ውስጥ “መልእክት አሰራጭና ጠብቅ” የሚል ብሎክ አለ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ሌላውን የሚጠራበት ነው። ልጆቹ ይህንን ጠምዝዘው እንደ አዲስ ቃል ተጠቀሙበት። “ካሬ” የሚል መልእክት አሰራጭ፤ መልእክቱን የሚሰማው ራሱ አሰራጩ ይሁን፤ ሲሰማ ካሬ ይሳል። የካሬው ጎን ስንት ይሁን? እሱን አስቀድሞ ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጥ። ይሠራል። ግን ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ራሱን በስልክ እንደመጥራት ያለ ነገር ነው። ፍላጎቱ ከሌለ ማን እንዲህ ይደክማል? ለኛ የዚህ ታሪክ ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። ልጆቹ የቃሉን ጽንሰ ሐሳብ አላጡም፤ ያጡት ቁልፏን ነው።

እዚህ ላይ ነው ጀርመናዊው ብቅ የሚለው። ዬንስ ሞኒግ ሕግ የተማረ፣ በጥብቅናም የሠራ ሰው ነው። ስክራችን አገኘው፤ ወደደው፤ የጎደለውንም አየ። ደብዳቤ ጽፎ ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ ከፍቶ ጨመረው። የስክራች የውስጥ ኮድ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነበር፤ የተጻፈውም ስኩዊክ በሚባል፣ ነገርን ፈታቶ ለመገጣጠም በሚመች ቋንቋ ነው። ሞኒግ የሠራውን “ቢ.ዋይ.ኦ.ቢ.” ብሎ ጠራው። “የራስህን ብሎኮች ሥራ” የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻረ ቃል ነው። ችግሩ፣ እነዚሁ አራት ፊደላት አሜሪካ ውስጥ የግብዣ ወረቀት ላይ ሲጻፉ “መጠጣችሁን ይዛችሁ ኑ” ማለት ናቸው። ቀልዱ ለአዋቂው ይጥማል። ክፍል ውስጥ ይዘውት ለሚገቡ አንዳንድ መምህራን ግን አልጣመም። በኋላ፣ ፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ እንዲሠራ በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ሲጻፍ፣ ስሙ “ስናፕ!” ሆነ። የቃለ አጋኖ ምልክቷ የስሙ አካል ናት።

ሁለተኛው ሰው ብራያን ሃርቪ ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ። ዕድሜውን ለሎጎ የሰጠ ሰው ነው። ስለ ሎጎ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል፤ የበርክሌይ ሎጎ የሚባለውም ከተማሪዎቹ ጋር የሠራው ነው። እሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ለማይማሩ ተማሪዎች የሚሰጥ መግቢያ ትምህርት ፈልጎ ነበር፤ ስክራች ለመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ቢሆንም ከዚያ በኋላ ጣሪያው ይመታቸዋል። ከሞኒግ ጋር ተገናኙ፤ ተግባቡም። በ2010 ፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሁለቱ ያቀረቡት ጽሑፍ የሚጠይቀው፣ አንድ ቋንቋ ልጆችንም የኮምፒውተር ሳይንቲስቶችንም ሊያገለግል ይችላል ወይ የሚል ነበር። መልሳቸው አዎ ነው።

የጨመሩትን ስናየው ከአንዲት ቁልፍ በላይ ነው። በቢ.ዋይ.ኦ.ቢ. አዲስ ብሎክ ስትሠሩ መጀመሪያ “ምን ዓይነት?” ትባላላችሁ፦ ትእዛዝ፣ መልስ ሰጪ፣ ወይስ እውነት-ሐሰት። ሦስቱም ቅርጾች ለእናንተ ክፍት ናቸው። በኋላ የመጣው ደግሞ ይበልጣል። ልጁ የራሱን አፉን የሚከፍት ብሎክ፣ ማለትም ሌሎች ብሎኮችን የሚውጥ ብሎክ፣ መሥራት ቻለ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? “ደጋግም” እና “ከሆነ” የቋንቋ አጥንት ናቸው። ሌላው ቃል ሁሉ የሚቆመው በነሱ ላይ ነው። “ከ1 እስከ 10 እየቆጠርክ ይህን አድርግ” የሚል ብሎክ ይጨመርልን ብለው የሚያመለክቱ ሰዎች ሞልተው ነበር። ስናፕ ውስጥ ማመልከት ቀረ፤ ብሎኩን ተጠቃሚው ራሱ በስናፕ ይሠራዋል። ሞኒግና ሃርቪ “የትኛው ብሎክ ይጨመር?” የሚለውን ክርክር አልረቱም፤ ክርክሩን ራሱን አላስፈላጊ አደረጉት። (የስናፕ ዓርማ ላምዳ የምትባለው የግሪክ ፊደል ናት፤ “አሎንዞ” የተባለው ገጸ ባሕርያቸውም ጸጉሩ ላምዳ ሠርቷል። ስሙ የተወሰደው ላምዳን ወደ ሒሳብ ሎጂክ ካስገባው ከአሎንዞ ቸርች ነው። ለማወቅ ያህል ነው።)

ነጻነቱ ግን ዋጋ ነበረው። ስክራች ፕሮግራም ብቻ አልነበረም፤ ሰፈርም ነበር። ልጆች የሠሩትን ወደ ድረ ገጹ ይሰቅላሉ፤ ሌላው ያየዋል፤ ከፍቶ ይቀጥልበታል። የኮዱ ፈቃድ ደግሞ እንዲህ ይል ነበር፦ ኮዱን ወስደህ መለወጥ ትችላለህ፤ ነገር ግን የስክራችን ስምና ድመቷን አትጠቀምም፤ በለወጥከው ፕሮግራም የተሠራውንም ወደ ስክራች ድረ ገጽ መስቀል አትችልም። ምክንያቱ ይገባናል። አንዱ የጻፈውን ሌላው መክፈት ካልቻለ ሰፈሩ ይፈርሳል። ውጤቱ ግን ልጁን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው። ወይ ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ በተሰጠህ ቃል ታወራለህ፣ ወይ ያሻህን ቃል እያወጣህ ብቻህን ታወራለህ። ከስደት ጋር የምናውቀው አገር ልጆች ስለሆንን ይሆን፣ እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ንባባችን ዘገየ።

ግንቦት 2013 ስክራች 2.0 ወጣ። “ብሎክ ሥራ” የምትለው ቁልፍም በመጨረሻ አብራው መጣች። ስም ትሰጣላችሁ፤ ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚገባበት ቀዳዳ ትጨምራላችሁ፤ ትርጉሙን ከታች ትገጣጥማላችሁ። ብሎኩ ራሱን በራሱ መጥራትም ይችላል። የሎጎ “ካሬ” ከ46 ዓመት በኋላ ቤቱ ገባ።

ግማሿ መጣች ያልነው ግን ለዚህ ነው። ልጁ እንዲሠራ የተፈቀደለት ተደራራቢውን፣ የትእዛዙን ዓይነት ብቻ ነው። ክቡን መልስ ሰጪ አልተፈቀደለትም። ሹሉንም እንዲሁ። አፉን የሚከፍተው የማይታሰብ ነው። ጥር 2019 ስክራች 3.0 ሲወጣ የቁልፏ ቀለም ተለወጠ እንጂ ይህ አልተለወጠም።

በትእዛዝና በመልስ ሰጪ መካከል ያለውን ልዩነት ልጅ ሱቅ ልኮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። “ሂድና መብራቱን አጥፋ” ትእዛዝ ነው፤ ልጁ ይሄዳል፣ ያጠፋል፣ አለቀ። “ሂድና ዘይት ስንት እንደገባ ጠይቀህ ንገረኝ” ግን ሌላ ነው። ልጁ ይዞት የሚመለሰው መልስ አለ፤ እናንተም በዚያ መልስ ላይ ተመሥርታችሁ ሌላ ነገር ታደርጋላችሁ። ስክራች ውስጥ የምትሠሩት ብሎክ እንደ መጀመሪያው ልጅ ነው። ስትልኩት ይሄዳል፤ አፉ ግን መልስ አያውቅም። ዋጋውን ማወቅ ከፈለጋችሁ “ግድግዳው ላይ ጻፈው” ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ሄዳችሁ ግድግዳውን ታነባላችሁ። ግድግዳው ተለዋዋጩ ነው። አንድ ልጅ አንድ ግድግዳ ሲሆን ችግር የለም። የላካችሁት ልጅ ታናሽ ወንድሙን ለዚያው ጉዳይ ሲልከው ግን ታናሹ ታላቁ በጻፈበት ላይ ይጽፋል። ራሱን በሚጠራ ብሎክ ውስጥ በየጊዜው የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ “የት ተሳሳትኩ?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አልተሳሳተም፤ የሚያስፈልገው ቅርጽ አልተሰጠውም።

የስክራች ሰዎች ሌላ መንገድ ከፍተዋል ሊባል ይችላል፤ እሱም “ተጨማሪዎች” የሚባለው ነው። በ3.0 ከሌጎ ጋር፣ ከሙዚቃ ጋር፣ ከትርጉም ጋር የሚሠሩ የብሎክ ጥቅሎች እየተመረጡ ይጨመራሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ይህም ከላይ የሚሰጥ ቃል ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ጥቅል 2019 ላይ ሲወጣ በብዙ ቋንቋዎች ያነብ ነበር፤ አማርኛ ከነሱ ውስጥ አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት መስመር የሚያሰምሩት የእስክሪብቶ ብሎኮች ከዋናው ዝርዝር ወጥተው ወደ ተጨማሪዎቹ መሳቢያ ተዛወሩ። የፓፐርት ኤሊ እስክሪብቶ! ፓፐርት በ2016 አርፎ ነበር፤ አላየም።

ወደ ቤት እንመለስ። ብሎክ ወደ እኛ አገር ከደረሰ ቆይቷል። በ2008 ገደማ ጥቂት ሺህ ተማሪዎቻችን ጋ የደረሱት ኤክስ.ኦ. የሚባሉት ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች ሐሳባቸው ከፓፐርት የተቀዳ ነበር፤ በብሎክ የምትታዘዝ ኤሊም ውስጣቸው ነበረች። የዛሬው ስክራች ደግሞ የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ “አማርኛ” የሚል አለው። ብሎኮቹን ወደ አማርኛ ማምጣት ላይ ነው ቅርጹ የሚክሰን። ሎጎን ጨምሮ በጽሑፍ የሚሠሩት ቋንቋዎች ግሱን አስቀድመው ቁጥሩን ያስከትላሉ፦ “ሂድ 10”። አማርኛ እንዲህ አይልም፤ ግሱ ማሰሪያ ነው፤ መጨረሻ ይመጣል። ብሎክ ላይ ግን ቀዳዳው የትም ሊቀመጥ ይችላል። ተርጓሚው ቀዳዳውን ወደ ፊት ያመጣና “( ) እርምጃ ሂድ” ይላል። “( ) ከሆነ” ይላል፤ “( ) ጊዜ ደጋግም” ይላል። ኮምፒውተር በአማርኛ አገባብ ሲታዘዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩት ደስ ይላል።

እነዚህ ግን የተተረጎሙ ቃላት ናቸው። ሰው አስቦ አውጥቶ የሰጠን። አማርኛ ይህን ልማድ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. “የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት” የሚል ወፍራም መጽሐፍ አውጥቷል፤ ብዙ ሊቃውንት ደክመውበታል፤ ሲገልጡት የሚያስደስት ቃል ሞልቶበታል። መንገድ ላይ ግን ሌላ ማኅበር አለ፤ ስብሰባ የለውም፤ ማኅተም የለውም። ተሳፋሪን ፊት ለፊት የሚያስቀምጠውን ታክሲ “ውይይት” ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ደውሎ መዝጋትን “ሚስኮል” ያለውም እሱ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ቃላት የሞኒግን ቁልፍ ቢያገኙ ምን ይሆኑ ነበር ብለን ስንጫወት አንዳችን፣ “ውይይት አፉን የሚከፍት ብሎክ ነው፤ 11 ሰው ይውጣል” አለ።

ለማንኛውም፣ በኮምፒውተር ስክራችን ክፈቱና ቋንቋውን አማርኛ አድርጉት። ከብሎኮቹ ዝርዝር ግርጌ ያችን ቁልፍ ተጫኗት። “ጎኑ” ብላችሁ ጻፉ፤ የቁጥር ቀዳዳ ጨምሩ፤ “የሆነ ካሬ ሳል” በሉ። “ጎኑ ( ) የሆነ ካሬ ሳል”። ማንም ተርጓሚ ያላወጣው፣ በእናንተ እጅ የወጣ ቃል ነው። 50 ስትሰጡት ድመቷ ካሬውን ትስለዋለች፤ እስክሪብቶውን ከመሳቢያው ማውጣት እንዳትረሱ ብቻ። የካሬው ስፋት ስንት እንደሆነ ከጠየቃችሁት ግን አይመልስላችሁም። ግድግዳ ፈልጉለት።